ባዶዎቹ ምስማሮች

«ቆራሌው!» የሚለው ጥሪ በጠዋት በመስኮቴ ሥር ሲያልፍ ዛሬም የያዝኩትን ትቼ ቆም እላለሁ። ጠሪው ሌላ ሰው ነው፣ ሰፈሩም ሌላ ነው፣ ግን ድምፁ ጆሮዬ በገባ ቁጥር ገርጂ የነበረው የጭቃ ቤታችን፣ ከጀርባው የተቀጠለው የቆርቆሮ ዳስ፣ የዛገ ብረት በላምባ ሲታጠብ የሚሸተው ሽታ ሁሉ ተከታትለው ይመጡብኛል። የሰፈራችን ሴቶች ያንን ጥሪ ሲሰሙ ባዶ ጠርሙስና ያረጀ ድስት ይዘው ሊሸጡ ይወጡ ነበር። እናቴ ግን የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀምጣ፣ ነጠላዋን እየሳበች፣ ከሁሉም ቀድማ ወደ አጥሩ ትሄድ የነበረው ልትገዛ ነበር።

አባቴ ዓለሙ አናጢ ነበር። ሥራውን ገና ጢም ሳያወጣ በአንድ የመንግሥት ድርጅት የእንጨት ክፍል ውስጥ ለምዶ፣ እዚያው እየሠራ አግብቶ፣ እኔን ወልዶ፣ እዚያው ፀጉሩ ገብስማ ሊሆን ሲጀምር ነው መንግሥት ተለውጦ ክፍሉ የተዘጋውና ሠራተኛው የተሰናበተው። በመጨረሻው ቀን ካቦርቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ወደ ቤት ሲመለስ አስታውሳለሁ። ዳሱ ውስጥ ገብቶ ያለውን ዕቃ ሁሉ መሬት ላይ ደረደረ፦ እጀታው የተሰነጠቀ መዶሻ፣ አንድ ጉጠት፣ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ። ያን ያህል ዘመን በእጁ የያዛቸው መልካም መልካም መሣሪያዎች የድርጅቱ እንጂ የእሱ እንዳልነበሩ ያን ቀን የገባው ይመስለኛል፤ ለረጅም ጊዜ ቁጢጥ ብሎ ሦስቱን ብረቶች ሲያያቸው ቆየ።

ወሩ ጥቅምት ነበር፣ ብርዱ የገባበት። እናቴ ድንቄ ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር በጉሊት ሽንኩርትና ድንች ትሸጥ ስለነበር ቤታችን ጦም አላደረም፣ አባቴ ግን ቀን ቀን ቤት መዋሉ እየከበደው ሄደ። ጎረቤት አልጋ ሲሰበርበት ይጠራዋል፣ ይሄድና ግማሹን ሠርቶ ለቀረው መሣሪያ አጥቶ ይመለሳል። አንድ ምሽት ራት እየበላን ሳለ አንገቱን እንደደፋ፣ «ቦሌ አንድ ቪላ ቤት ዘበኛ ይፈልጋሉ አሉኝ። እሺ ልበል መሰለኝ» አላት።

እናቴ ጉርሻዋን አላምጣ ዋጠች። ከዚያ፣ «ዘበኝነት ነውር ሆኖ አይደለም፣ የገዛ ወንድሜም ዘበኛ ነው» አለች። «ግን እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ እንድታረጅብኝ አልፈልግም። የጎደለው ብረት አይደለም እንዴ? ብረት ደግሞ ተፈልጎ ይገኛል። ምን ምን እንደጎደለህ ንገረኝ።»

«ብነግርሽ ታውቂዋለሽ?»

«ካላወቅሁት አሳየኛ።»

በማግስቱ አባቴ ከምድጃ ከሰል አንሥቶ ወደ ዳሱ ገባ። ከመኝታ ክፍላችን ጋር የሚዋሰነው ግድግዳ በኖራ የተለቀለቀ ነጭ ነበር፤ እዚያ ላይ የጎደሉትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ፣ በቁመታቸው በስፋታቸው ልክ፣ ሣላቸው። ሰፊ መሮና ጠባብ መሮ፣ አጭር መላጊያና ረጅም መላጊያ፣ በእጅ የሚሽከረከር መሰርሰሪያ፣ ሞረድ፣ ጥርሱ ያልረገፈ መጋዝ፣ ማዕዘን፣ ውሃ ልክ። ሥሎ ሲጨርስ ከእያንዳንዱ ሥዕል በላይ አንዳንድ ምስማር መታ። እናቴ ገብታ ስታየው ሳቀች። «ምስማሩ ምን ያደርጋል? የሚሰቀል ነገር የለ።» አባቴም፣ «ሲመጣ ቦታ እንዳይፈልግ ነው» አላት። ከተሰናበተ ወዲህ ሲቀልድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነበር።

በጋው እንዲህ ጀመረ። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉሊቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ እኔን አስከትላ፣ ከመገናኛ በታክሲ መርካቶ ትወርድና ምናለሽ ተራ ትገባ ነበር። ምናለሽ ተራ ያላየ ሰው ቢኖር፣ ከተማው ሰብሮ የጣለው ብረት ሁሉ እንደገና ዕቃ የሚሆንበት ቦታ ነው። በርሜል ሲቀጠቀጥ፣ ቆርቆሮ ሲቃና፣ ከሩቅ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰው መሬት ላይ ጆንያ አንጥፎ የበር እጀታውን፣ የመኪና ባሌስትራውን፣ ጥርሱ ያለቀ ሹካውን ሁሉ በአንድ ላይ ዘርግቶ ይሸጣል። አባቴ አብሮን አይሄድም ነበር። አንዴ ሄዶ ነበርና እናቴ ከለከለችው፤ ጥሩ መሮ ባየ ጊዜ ፊቱ ስለሚበራ ሻጩ ወዲያው ያውቅበታል፣ ዋጋው ይሰቀላል። «አንተ አስተምረኝ እንጂ አትምጣብኝ» አለችው።

እሱም ያስተምራት ጀመር። እናቴ ድንች በአውራ ጣቷ ተጭና ውስጡ መበስበሱን የምታውቅ ሴት ነበረችና ብረትን ለማወቅ ብዙ አልቸገራትም። መጋዝ ጠምዘዝ አድርገሽ ልቀቂው፣ ቀጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው፣ ጎብጦ ከቀረ ተይው፤ መሮ በሌላ ብረት መታ አድርጊው፣ ጥርት ብሎ ከጮኸ አልተሰነጠቀም፤ ዝገት አያስደንግጥሽ፣ ዝገት ይታጠባል፣ ስንጥቅ ግን አይድንም ይላታል። ከግድግዳው ላይ ልኩን በስንዝሯ ትለካና፣ ሻጮቹ ፊት ደርሳ ቁጭ ብላ፣ ሌላ ሌላውን እያነሣች እየጣለች፣ የምትፈልገውን እንዳላየች ሆና መጨረሻ ላይ ትነካው ነበር። አንድ ወጣት ሻጭ፣ «እመቤት፣ ይሄ የወንድ ዕቃ ነው፣ ምን ሊያደርግልዎት?» ቢላት፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «የወንድ ከሆነ አንተ ምነው ዝገት አስበላኸው?» አለችው። አጠገቡ ያሉት በሳቅ ወደቁ፣ ጠባቡን መሮ በረከሰ ዋጋ ይዘን ተመለስን።

ሁልጊዜ ግን አልቀናትም። አንድ ቅዳሜ ሞረድ አገኘሁ ብላ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በታክሲው ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንደ ሕፃን እያየችው ይዛ መጣች። አባቴ አገላብጦ አየው፣ ጥርሶቹን በጣቱ ዳበሳቸው፣ «ጥሩ ብረት ነው» ብሎ ምስማሩ ላይ ሰቀለው። ከግድግዳው ሥዕል ይልቅ ብረቱ በጣም ይረዝም ነበር። በሳምንቱ ቆራሌው ሸምሱ ግቢያችን ገብቶ ሲያየው ጊዜ፣ «እትዬ ድንቄ፣ ፈረስ ገዛችሁ እንዴ? ይሄ እኮ የፈረስ ኮቴ መሞረጃ ነው!» ብሎ ጮኸ። እናቴ በእፍረት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አባቴ ግን ብረቱን ከምስማሩ አውርዶ አንድ ሻካራ የዋንዛ ጣውላ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳበው፣ እንጨቱም ወዲያው ተስተካከለ። «ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ» አላት ቀስ ብሎ፣ «ከለመድኩት ሞረድ ይሻላል፣ ጥርሱ ትልልቅ ነው።» እውነትም የአልጋ እግር የሚያወጣው ከዚያ ወዲያ በእሱ ነበር። አባቴን ከወደድኩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ዝም ያለው እናቴን ላለማሳፈር ነበር።

ሸምሱ የእናቴ አገር ልጅ ነበር፣ በአገራቸው ቋንቋ ሲጨዋወቱ እኔ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ሰፈር ለሰፈር ዞሮ የሰበሰበውን ብረት ወደ መርካቶ ከመውሰዱ በፊት በእኛ በር በኩል ማለፍ ልማድ አደረገ። ጆንያውን ዳሱ ፊት ይዘረግፍና፣ «እትዬ፣ ከግድግዳው ጋር አስተያዪው» ይላታል። እናቴም የተገኘውን ብረት ከከሰሉ ሥዕል ጋር እያስጠጋች ታመሳክር ነበር። ውሃ ልኩ የመጣው ከአንድ የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ነበር፤ የመሰርሰሪያው እጀታ አንድ ቀን፣ መዘውሩ ሌላ ቀን ተገኝተው አባቴ አገጣጠማቸው። አንዳንዱን በገንዘብ፣ አንዳንዱን በድንች፣ አንዳንዱን ጓሮ ባጠራቀመችው ጠርሙስ ትለውጠው ነበር። እያንዳንዱ ብረት በላምባ ታጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ እጀታው ተሠርቶለት ሲሰቀል የከሰሉ ሥዕል ከሥሩ ተደብቆ ይጠፋል፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ዛሬ የትኛው ጠፋ ብዬ ወደ ዳሱ እሮጥ ነበር።

የመጋቢት ዝናብ ጣል ጣል ማለት በጀመረበት ሰሞን ሐጂ ነስሩ መጡ። ጉርድ ሾላ ሱቅ ያላቸው፣ ከእኛ በታች ባለው ሜዳ ላይ ለልጆቻቸው ጭምር የሚሆን ትልቅ ቤት የሚያሠሩ ነጋዴ ነበሩ። አባቴ ለጎረቤት የሠራውን ቁም ሣጥን አይተው ነው የመጡት።

«የበርና የመስኮት ሥራ ትችላለህ?» አሉት።

«እችላለሁ፣ ሐጂ።»

«መሣሪያስ? ከዚህ በፊት የያዝኩት ሰው ዛሬ ይሄን ልዋስ፣ ነገ ያንን ልዋስ እያለ ጣውላዬን ፀሐይ ላይ አስፈጀብኝ።»

አባቴ ወደ ግድግዳው አመለከታቸው። ሐጂ በዱላቸው ጫፍ አንድ በአንድ እየነኩ ሄደው ሄደው ባዶዎቹ ምስማሮች ጋ ሲደርሱ ቆሙ። «እነዚህስ በከሰል የተሣሉት?»

አባቴ ወደ እናቴ ዞር አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበርና፣ «እነሱ መንገድ ላይ ናቸው፣ ሐጂ» አለቻቸው።

ሐጂ ነስሩ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲያው መንገዱ ይቅናቸው። በሮቼን የምሰቅለው ክረምቱ ሲወጣ ነው። እስከዚያ ከደረሱ ሥራው ያንተ ነው፣ ካልደረሱ ግን እንዳትቀየመኝ።» በዚያው ሰሞን የቪላው ሰዎች ደግሞ የመጨረሻ መልስ እንዲሰጣቸው ላኩበት። አባቴ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት ዘበኝነቱን እምቢ ብሎ መጣ። አሁን ሳስበው ከዚያ ጠዋት የበለጠ ደፍሮ ያየሁት ጊዜ የለም፤ ዋናው ምስማር ገና ባዶ ነበርና።

ዋናው ረጅሙ መላጊያ ነበር። አጭሩ መላጊያ ጣውላው ጎድጎድ ካለበት አብሮ ይወርዳል፣ ጎበጥ ካለበት አብሮ ይወጣል፤ የበር ጠርዝ ቀጥ የሚለው ጉብታውን ብቻ እየቆረጠ በሚያልፍ ረጅም መላጊያ ነው። ያለ እሱ በሩ ከመቃኑ ጋር አይገጥምም። እናቴ ምናለሽ ተራ ውስጥ አንድ ብቻ አገኘች፣ ሻጩ ግን ምን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዋጋውን ሰምታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በክብር መልሳ አስቀመጠችው። ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት አለፈ። በሰኔ ሸምሱ ከጆንያው ሥር አንድ ሰፊ፣ በዝገት የቆሰለ ስለት አወጣ። የረጅም መላጊያ ስለት ነበር፣ ስለቱ ብቻ።

እናቴ ቅር ብሏት፣ «ገላው የለውማ» አለች። አባቴ ግን ስለቱን ወደ ብርሃን አቅንቶ እያየ፣ «ስለቱ ካለ ገላውን እኔ እሠራዋለሁ» አለ። «ብቻ ወይራ ያስፈልገኛል። እርጥቡ አይሆንም፣ ቆይቶ ይጎብጣል። የከረመ፣ የደረቀ፣ አንድም ስንጥቅ የሌለው ወይራ።»

በዚያ ዘመን ገርጂ ግማሹ ከተማ ግማሹ ገጠር ነበር። ከቤታችን በታች የኦቦ ገመቹ ጤፍ ይበቅል ነበር፤ እናቴም ለጉሊቷ ጎመን የምትገዛው ከእሳቸው ነበር። ማሳቸው ላይ ችካል ተተክሎ፣ ለቤት መሥሪያ ተሸንሽኖ፣ ከቤታቸው ዙሪያ ያለው የጎመን መደብ ብቻ ሲቀራቸው ተመልክተናል። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ሳለ፣ እናቴ ጎመን ስትገዛ ጠየቀቻቸው። «ኦቦ ገመቹ፣ የደረቀ ወይራ ያለው ሰው ያውቃሉ? ለማገዶ አይደለም፣ ለዓለሙ ሥራ ነው።» ምን እንደሚሠራበት፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁሉ አስረዳቻቸው። ሽማግሌው የያዙትን ጎመን መሬት ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ጀርባ መሩን። ከጣሪያው ሥር፣ የቤቱ ጭስ በሚያልፍበት፣ ረጅም የወይራ ሞፈር ተጋድሞ ነበር፤ ብዙ ዘመን በጭስ ጠቁሮ እንደተወለወለ ያበራል።

«አባቴ ነው የጠረበው» አሉ ኦቦ ገመቹ። «በሬዎቹን አምና ሸጥኳቸው። በሬም መሬትም ከሌለ ሞፈር ምን ይሠራል?»

እናቴ ደንግጣ፣ «ኧረ አይሆንም፣ የአባትዎን!» አለች።

«ማገዶ ልታደርጊው ብትጠይቂኝ አልሰጥሽም ነበር። ይወሰድ። ግን ባልሽ ሲቆርጠው እኔ ልኑር።»

በማግስቱ ዝናቡ የዳሱን ቆርቆሮ እየደበደበ ሳለ ኦቦ ገመቹ መጡ። አባቴ ሞፈሩን ከወፍራሙ ጫፍ በኩል ለካና ምልክት አደረገ፣ እንደገና ለካ፣ መጋዙን አነሣና መልሶ አስቀመጠ። «እጄ እምቢ አለኝ፣ አባባ» አላቸው። ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አደላድለው ከበርጩማው ተነሡና፣ የአባቴን እጅ ይዘው መጋዙ ላይ አስቀመጡት። «ቁረጥ ልጄ። እሱም እኮ ሥራ ፈትቶ ነው የከረመው» አሉት። አባቴ ቆረጠ። ሰጋቱራው ሲረግፍ ዳሱን የሞላው ሽታ ከወይራም ከጭስም ነበር። ሽማግሌው ከመሬት ላይ በእፍኛቸው ዘግነው አሸተቱት፣ ዓይናቸው ውሃ ሞላ፣ ግን አልሄዱም፤ እስኪመሽ ተቀምጠው አዩት። ሲነሡ አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፦ «የመጀመሪያውን በር ለእኔ ቤት።»

መላጊያው እስኪያልቅ ሐምሌ አለቀ። አባቴ የስለቱን መቀመጫ በመሮዎቹ እየፈለፈለ፣ ስለቱን የሚያጠብቀውን ሽብልቅ እየሞረደ፣ ዝገት የበላውን ስለት በድንጋይ ላይ ቀን ተቀን እየሳለ ቆየ። በነሐሴ አንድ ጠዋት ከጎረቤት አጥር የመጣ ሸካራ ጣውላ ላይ አስቀምጦ ገፋው። መጀመሪያ ተንተፋተፈ፣ ሽብልቁን መታ መታ አድርጎ እንደገና ሲገፋው ከአፉ ረጅም፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ፍቅፋቂ ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ተጠቅልሎ ወጣ። እናቴ ፍቅፋቂውን አንሥታ ለብርሃን ዘረጋችው፣ የጣቶቿ ጥላ በላዩ ታየ። አባቴ፣ «ድንቄ፣ አመጣሽው» አላት። ገላውን የሠራው እሱ ራሱ እንደሆነ ልትነግረው አፏን ከፈተችና ተወችው።

የኦቦ ገመቹ በር በመስከረም ተሰቀለ፤ ሽማግሌው ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ እያደረጉ፣ «ድምፅ የለውም እኮ፣ ሌባ ቢገባም አልሰማ» እያሉ ስቀው አሳቁን። ሐጂ ነስሩ ከመስቀል በኋላ መጥተው ያንን በር አዩ፣ እጃቸውን በጠርዙ ላይ ከላይ እስከ ታች ሳቡ፣ ወደ ዳሳችን መጥተው ግድግዳውን ተመለከቱ፤ ባዶ ምስማር አልቀረም ነበር። ከዚያ ተከትሏቸው የመጣውን ልጃቸውን፣ «ጣውላውን ወደዚህ አምጣለት» ብለው አዘዙ። የዚያን ቤት በሮች በሙሉ አባቴ ሠራ፤ ከዚያም የጎረቤታቸውን፣ ከዚያም በዚያ መንገድ ላይ የበቀሉትን የብዙዎቹን። አብዛኞቹ ቤቶች የቆሙት የኦቦ ገመቹ ጤፍ በነበረበት መሬት ላይ ነው፣ ይህን አባቴ ሳያስበው የቀረ አይመስለኝም፤ እሳቸው እስኪያርፉ ድረስ በየበዓሉ ሳይጠይቃቸው አልዋለም።

አባቴ ካረፈ ጥቂት ዓመታት ሆኑት። እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ቢጎድል ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ አቁሜ እገዛዋለሁ፣ የገዛሁትን ደግሞ የት እንዳስቀመጥኩት እረሳለሁ። እሷ ግን አንድን ብረት ከማግኘቷ ብዙ ወር አስቀድማ ቁመቱን፣ ክብደቱን፣ ድምፁን ታውቀው ነበር። ያኔ ድህነት ነበርና ያንን ዘመን ተመለስ አልለውም፤ እንደዚያ ጠብቄ፣ እንደዚያ ፈልጌ በእጄ ያስገባሁት ነገር ይኖር እንደሆነ ግን አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ።

በቅርቡ ወሎ ሰፈር ሐኪም ቤት ደርሰን ስንመለስ አንድ አዲስ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አይታ እንግባ አለችኝ። መሣሪያው ሁሉ ከነላስቲኩ በረድፍ ተሰቅሎ ያብለጨልጫል። እጇን ወደኋላ አጣምራ፣ ቀስ እያለች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያደነቀች አየችው። ሻጩ ልጅ ቀረብ ብሎ፣ «እማማ፣ ምን ልስጥዎት?» አላት። «ምንም አልጎደለኝም ልጄ፣ ላይ ብዬ ነው የገባሁት» አለችው። እኔ ባዶ እጄን መውጣት ከብዶኝ አንድ የመለኪያ ሜትር ገዛሁ። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ከላስቲኩ አውጥታ፣ ስባ፣ መልሳ፣ አገላብጣ አየችውና፣ «ምን ልትለኪበት ነው?» አለችኝ።